ምድጃው ቶሎ አልያዝ ሲል

ባለፈው ጥር ወር አንድ ዓርብ ረሆቮት የሚኖር ዘመዴ ለሰንበት ጋብዞኝ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 15፡30 ማለት ነው፣ ከቤቱ ደረስኩ። ውጭ ዝናብ ይጥላል፣ ከባሕሩ በኩል የሚነሣው ነፋስ በግቢው ያለችውን የብርቱካን ዛፍ ያንገላታታል። የዘመዴ እናት ጋቢያቸውን ደርበው ሳሎን ጥግ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከአዲሱ ምድጃ መስተዋት ላይ ነው። ልጃቸው ቁልፉን ከተጫነ 20 ደቂቃ አልፏል፤ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ግን ጭስ ብቻ ነው።

«ይኸ ነገር ዛሬም አይነድም?» አሉ።

«ይነዳል እማዬ፣ ትንሽ ይታገሡ።»

«እኔስ እታገሣለሁ፤ ሰንበት ግን አይታገሥም።»

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት በጎንደር መንደሮቻችን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋ ነበር። ምግቡም ቀዝቅዞ ይበላል እንጂ በሰንበት እሳት ዳር የሚቀመጥ አልነበረም። እኒህ እናት ይህን ልማድ እስከ ዛሬ አልተዉም። በዚህ ቤት ምድጃው ከቀትር በኋላ ይነድና ክፍሉን ያሞቃል፤ ሻማ ከመብራቱ በፊት ደግሞ ይጠፋል። ራሱ በሰዓት የሚበራና የሚጠፋ ምድጃ በሰንበት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ጥያቄ ለቄሶቹና ለረቢዎቹ ትቼዋለሁ። በዚያን ዕለት የነበረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሻማ ሊበራ አንድ ሰዓት ሳይቀረው ቤቱ እንደ ወንዝ ዳር ይበርድ ነበር።

ዘመዴ ምድጃውን አጠፋና እንደገና አስነሣው። ያልነደደው ነዳጅ ከሥር እንዳለ ሌላ ነዳጅ ከላይ ወረደበት። ጭሱ ወፈረ፣ መስተዋቱ ጠቆረ። ሦስተኛ ጊዜ አስነሣው። ሚስቱ በበኩሏ ቤቱ እስኪሞቅ ብላ ለቡና የቀጣጠለውን የከሰል ምድጃ ከደጅ አንሥታ ወደ ሳሎን አስገባችው። ዘመዴ ከጓዳ የአልኮል ጠርሙስ ይዞ ብቅ ሲል እናቱ ከወንበራቸው ተነሡና «አንተ፣ ቤት ልታቃጥል ነው?» ብለው ጠርሙሱን ከእጁ ወሰዱት። እሱ መልስ ሳይሰጥ ምድጃው ውስጥ «ዷ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከበሩ ጠርዝ ጭስ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ያ ድምፅ ሲሰማ የምድጃው በር ተከፍቶ፣ የአልኮሉም ጠርሙስ ከበሩ ፊት ደርሶ ቢሆን ኖሮ የዛሬው ጽሑፌ ሌላ ይሆን ነበር።

እንዲህ ያለውን ምድጃ የሚገዙ ወገኖቻችን እየታዩ ስለሆነ፣ ቶሎ አልይዝ የሚለው ለምን እንደሆነ ከባለሙያ ጠይቄና እኔም በእጄ አይቼ የተረዳሁትን እጽፋለሁ።

«ፔሌት» የሚባለው ነዳጅ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሰጋቱራ ነው። ከእንጨት መሰንጠቂያ የተረፈ ሰጋቱራ ይደርቅና በከባድ ግፊት በብረት ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው እንክብል ይሆናል። ሙጫ አያስፈልገውም፤ በግፊቱ ሙቀት የእንጨቱ የራሱ ሙጫ መሳይ ነገር ለስልሶ ያያይዘዋል። በ1990 እና በ1991 አዲስ አበባ በኪራይ ቤት ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ወገኖቻችን መካከል የሰጋቱራ ምድጃን የሚያስታውሱ አይጠፉም። በቆርቆሮ ውስጥ ጠርሙስ ይቆማል፣ ዙሪያው በሰጋቱራ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ጠርሙሱ ሲወጣ መሐሉ የአየር መንገድ ሆኖ ይቀራል። ከሥር የተለኮሰው እሳት በዚያ ቀዳዳ ይወጣል። ሰጋቱራው እርጥብ ከሆነ ወይም ቀዳዳው ከተደረመሰ ቀኑን ሙሉ ሲያጨስ ይውላል። ልጆች ሲያስሉ እናቶች በማራገቢያ ሲታገሉ ያየ ሰው የዛሬውን ምድጃ ጠባይ ግማሹን አውቆታል።

አዲሱ ምድጃ በዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ጨመረበት። የ1973ቱ የነዳጅ ዘይት ቀውስ ብዙ አገሮችን ወደ እንጨት መልሶ ነበር። በአሜሪካም ጄሪ ዊትፊልድ የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ በ1980ዎቹ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን የፔሌት ምድጃ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከላይ ነዳጁ የሚፈስስበት ሳጥን አለ። ከሳጥኑ ሥር በሥጋ መፍጫ ውስጥ እንዳለው ያለ ጠመዝማዛ ብረት በሞተር እየዞረ እንክብሉን በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንድ የብረት ጽዋ ያወርዳል። ጽዋው እንደ ወንፊት የተበሳ ነው። በጽዋው ጎን ወይም ከኋላው በኤሌክትሪክ የሚግል ዘንግ አለ፤ ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 400 ዋት ነው። ሌላ ማራገቢያ ደግሞ ጭሱን ወደ ጭስ ማውጫው ይስባል። በዚህም ምክንያት ንጹሕ አየር በጽዋው ቀዳዳዎች ይገባል፣ የጋለውን ዘንግ አልፎ እንክብሉን ይመታዋል። እኛ «እፍ» ብለን እናደርግ የነበረውን ይህ ማራገቢያ ይሠራዋል ማለት ነው።

ሁሉ ነገር ደኅና ሲሆን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነበልባል ይታያል። ካልታየ፣ የጭሱም ሙቀት ካልጨመረ ምድጃው ራሱ ተስፋ ይቆርጥና «አልተቀጣጠለም» ብሎ ይጮኻል። ይህ የሚሆንበት ጊዜ እንደ ሥሪቱ ቢለያይም በብዙዎቹ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገደማ ነው።

ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ገለጠልኝ። «ጭስ ነበር ወይስ አልነበረም?» አለኝ። እንክብሉ ወርዶ፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ 10 ደቂቃ ሙሉ ምንም ጭስ ካልታየ ጥርጣሬው ዘንጉ ላይ ነው፤ አልጋለም፣ ተቃጥሏል፣ ወይም ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። ይህ ዘንግ እንደ አምፖል የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ በየክረምቱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚነሣ ምድጃ ዘንጉን ቶሎ ይጨርሳል። እሱን መለወጥ የቴክናይ ሥራ ነው። 230 ቮልት ያለበት ቦታ ስለሆነ የጎረቤት ልጅ በዊንች የሚነካካው አይደለም። ጭስ ካለ ግን ዘንጉ ግሏል ማለት ነው። እንግዲያው የጎደለው አየር ነው፣ ወይም ነዳጁ መጥፎ ነው። የዘመዴ ምድጃ ጭስ ሞልቶበት ነበር።

እሑድ ምድጃው ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ሶኬቱም ከግድግዳው ተነቅሎ ከዘመዴ ጋር ከፈትነው። ጽዋውን አንሥተን ወደ ብርሃን ብናዞረው ከቀዳዳዎቹ ግማሽ የሚሆኑት ተደፍነዋል። አመዱ በሙቀት ቀልጦ እንደ ጠጠር ደርቆባቸዋል። በቀጭን ብረት አንድ በአንድ መብሳት ነበረብን። «በየሳምንቱ እጠርጋለሁ» ይል የነበረው ዘመዴ ለካ የሚጠርገው ከላይ የሚታየውን አመድ ብቻ ኖሯል። በየቀኑ የሚነድ ምድጃ ጽዋው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ወጥቶ መራገፍ አለበት። ጽዋው ወደ ቦታው ሲመለስም በትክክል መቀመጡን ማየት ያስፈልጋል። የእሱ ከሥሩ ቁራጭ አመድ ገብቶበት ወደ ጎን አዘንብሎ ስለነበረ ትኩሱ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከዘንጉ ፊት ለፊት አልነበረም። የአንድ ጣት ስፋት እንኳ የማይሞላ መዛነፍ ነው፤ እንክብሉ ግን በትኩስ አየር ፋንታ ቀዝቃዛ አየር ይመታው ነበር።

ነዳጁን የመረመሩት እናቱ ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው በጣታቸው መካከል አሹት። እንክብሉ ፈርሶ ዱቄት ሆነ። «ይኸማ ረጥቧል» አሉና ወደ ጆንያው መለሱት። ጥሩ ፔሌት ወለሉ የሚያብለጨልጭ ነው፣ ሲሰበር «ቀጭ» ይላል፣ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ሲጣልም ወደ ታች ይሰምጣል። ኤን ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ መለኪያ የአንደኛ ደረጃው ፔሌት እርጥበቱ ከ10 በመቶ፣ አመዱም ከ0.7 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጆንያው ላይ ይህን ምልክት አይቶ መግዛት መልካም ነው። ነገር ግን ከፋብሪካ ደርቆ የወጣ ፔሌት እቤት ሊረጥብ ይችላል። ረሆቮት ከባሕሩ ብዙ ያልራቀች ስለሆነች በበጋም ቢሆን አየሯ እርጥብ ነው። ዘመዴ አምና በፋሲካ ሰሞን የከፈተውን ጆንያ አፉን ሳያስር በረንዳ ላይ አኑሮት፣ በክረምቱ መጀመሪያ ያንኑ ወደ ሳጥኑ ገልብጦታል። የተከፈተ ጆንያ ታስሮ ከወለል ከፍ ብሎ በቤት ውስጥ ደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት። አንዴ ያበጠና የፈረሰ ፔሌት ፀሐይ ላይ ቢሰጣም አይመለስም።

ከሳጥኑ ሥር የሚጠራቀመው ብናኝ ደግሞ ሌላ ጠላት ነው። እንክብሉ እየተፋተገ ይደቅቃል፣ ድቃቂውም ጠመዝማዛውን ብረት ይይዘዋል፣ ወደ ጽዋው የሚወርደውም ያንሳል። ሳጥኑን በወር አንድ ጊዜ ባዶ አድርጎ ብናኙን መጥረግ ይበቃል። እዚህ ላይ ሳልረሳ ልጨምር፤ ነዳጁ አልቆ ምድጃው የጠፋ እንደሆነ ጠመዝማዛው ብረትም ባዶ ይቀራል። ሳጥኑ ቢሞላም እንክብሉ እስከ ጽዋው ለመድረስ ደቂቃዎች ይፈጅበታልና የመጀመሪያው ማስነሣት ሊከሽፍ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ለዚህ ብለው ባለሙያ የሚጠሩ አሉ፤ ባለሙያው መጥቶ ቁልፉን አንዴ ይጫንና የመምጫውን ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል።

የቀረው አየር ነው። ጭሱ የሚያልፍባቸው መንገዶች በአመድ ከተሞሉ ማራገቢያው ቢዞርም አይስብም። የጭስ ማውጫው ቱቦ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ በባለሙያ መጠረግ አለበት። የበሩ ዙሪያ ገመድ ካለቀ ደግሞ አየር በጽዋው ቀዳዳ ከመግባት ይልቅ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ይህን ለማወቅ ምድጃው በቀዘቀዘ ጊዜ አንድ ቁራጭ ወረቀት በበሩ መካከል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ገመዱ መለወጥ አለበት። የረሆቮት የክረምት ማዕበል ከምዕራብ ይመጣል፤ የጭስ ማውጫው አፍ ወደዚያው ከዞረ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ይገፋዋል። ይህ በተከላ ጊዜ የሚታሰብ ነገር ነው።

በጣም የገረመኝ ግን የማድ ቤቱ ነገር ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ወጥ በሁለት ምድጃ ይሠራል፣ ሽታው እንዳይቀር ከላይ ያለው የጭስ መምጠጫ በሙሉ ኃይሉ ይከፈታል፣ መስኮቱ ሁሉ ከብርዱ የተነሣ ዝግ ነው። ያ መምጠጫ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስብ የፔሌት ምድጃው ማራገቢያ ደግሞ ያንኑ አየር ይፈልጋል። ሁለቱ ሲጓተቱ ትልቁ ያሸንፋል። ዘመዴ «ለምንድነው ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ የሚብሰው?» ሲል ነበር፤ ሰንበት ስለሚፈጥን ይመስለው ነበር። ምድጃው እስኪይዝ መምጠጫውን ማጥፋት፣ ወይም አንድ መስኮት ገርበብ ማድረግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደዚያ ድምፅ ልመለስ። እንጨት ሲግል ከነበልባል በፊት የሚወጣው ጭስ እርሱ ራሱ የሚነድ ጋዝ ነው። በጎጆአችን እርጥብ እንጨት ሲጨስ ቆይቶ ድንገት «ቦግ» ሲል ያየነው ይህንኑ ነው። በጎጆ ውስጥ ጭሱ በሣሩ ክዳን ይበተናል፤ በብረት ሣጥን ውስጥ ግን የሚወጣበት የለም። ምድጃው እያጨሰ ሲዘገይ ጋዙ ይጠራቀማል፣ ብልጭታ ሲያገኝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነዳል። ጽዋው ውስጥ ያልነደደ ነዳጅ እያለ ደጋግሞ ማስነሣት ይህን ክምችት ማብዛት ነው። እያጨሰ በሩን መክፈት ደግሞ አየር መጨመር ስለሆነ ነበልባሉን ወደ ፊት ይጠራዋል። አልኮል፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ የሚጨምርበትን ሰው ምን እንደምል አላውቅም። ትኩስ ብረት ላይ ሲፈስስ ተን ይሆናል፣ ተኑም እስከ ጠርሙሱ ድረስ ይነዳል።

ስለዚህ አንዴ ካልያዘ ምድጃውን ራሱ እንዲያጠፋው መተው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ጽዋውን ባዶ ማድረግና ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና መሞከር ነው። ከጽዋው የወጣው ግማሽ የጨሰ ነዳጅ ወደ ሳጥኑ አይመለስም። አመዱም ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ጠዋት ቆስቁሰው ያስነሡ ነበር አይደለም? የፔሌት አመድም እንደዚያው ከቀን በላይ ፍም ደብቆ ሊያድር ይችላል። በላስቲክ ከረጢት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገብቶ እሳት የሚያስነሣው ይህ ነው። በተለመደው የቤት መጥረጊያ ማሽንም ትኩስ አመድ አይሳብም።

የዚያን ዕለት ከሁሉ የባሰው አደጋ ግን ዷ ያለው ምድጃ አልነበረም፤ ዝም ብሎ የሚግለው የቡና ከሰል ነበር። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ሲቀላ «አሁን ንጹሕ ሆነ» ብለን ወደ ቤት የምናስገባው በደንብ በሚመርዝበት ሰዓት ነው። በአገራችን ጎጆው በክዳኑም በግድግዳውም ይተነፍስ ነበር፤ የእዚህ አገር ቤት በአሉሚኒየም መስኮት የታተመ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ራሳችንን አመመን ካሉ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፣ 101 ደውላችሁ ማጌን ዳቪድ አዶምን ጥሩ፤ እሳት ከተነሣ ደግሞ 102 ነው። ይህን ጋዝ ሲያገኝ የሚጮኽ ትንሽ መሣሪያ በገበያ ይሸጣል። ማንኛውም የሚነድ ነገር ያለበት ቤት፣ የፔሌትም ምድጃ ቢሆን፣ ሊኖረው ይገባል። የቡናው ከሰል ቦታው ደጅ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢፈላ ወዝ የለውም የሚሉኝ እናቶች አሉ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ይፍላ።

ምድጃውን ልግዛ ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፤ በክርያት ሞሼ ሺኩን ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው እኔ አልመክርም። የጭስ ማውጫው በጎረቤት መስኮት አጠገብ ማለፍ አይችልም፣ ከግንባታው ነዋሪዎችም ጋር ያጣላል። ለረሆቮት ብርድ ማዝጋን ይበቃል። ይህ ምድጃ በኢየሩሳሌምና በጎላን ከፍታ ያሉ ሰዎች ዕቃ ነው። ግቢ ያለው ቤት ላለው፣ ወለሉ ድንጋይ ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ ከውጭው ይልቅ ውስጡ ለሚበርደው ግን መጥፎ አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ እሱም እንደሚጠፋ አውቆ ይግዛ።

እሑድ ማታ ጽዋውን አጽድተን፣ ሳጥኑን ጠርገን፣ አዲስ ጆንያ ከፍተን፣ የማድ ቤቱን መምጠጫ አጥፍተን አስነሣነው። ዘመዴ ሰዓቱን ይዞ ቆመ። በ4ኛው ደቂቃ ቀጭን ጭስ ታየ፣ በ7ኛው ደቂቃ ነበልባል። እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ተጠግተው አዩትና «እኔ በኩበትና በጭራሮ ይኸን ጊዜ ውኃ አፍልቼ ነበር» ብለው ወንበራቸውን ወደ ምድጃው አስጠጉት።